መኪናችንን በስልካችን እንለካ፦ ከዐማራት ጎዳና እስከ አዲስ አበባ ዳገት

ሾፌሮች፣ መካኒኮችና የጋራዥ ባለቤቶች፣ በተለይም ከካርቱም የተመለሳችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣

ከእናንተ መካከል የካርቱምን ሰፈሮች ዐማራትንና ዴምን ጠንቅቃችሁ የምታውቁ ብዙ ናችሁ። በቁጥር የሚጠሩትን የዐማራት ጎዳናዎች፣ ሸሪዕ 15ን፣ ሸሪዕ 41ን፣ ሸሪዕ 61ን፣ አውሮፕላን ማረፊያውን ታክኮ የሚያልፈውን የአፍሪካ ጎዳና ጭምር ነድታችሁባቸዋል፤ ሠርታችሁባቸዋል። የሱዳኑ ጦርነት የፈነዳው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። ቀኑ ለእኛ ቀዳም ሥዑር፣ ለሱዳኖቹ ደግሞ የረመዳን ጾም ማብቂያ ሰሞን ነበር። የፋሲካውን ዝግጅት ጥላችሁ፣ በገዳሪፍና በገላባት አድርጋችሁ መተማ የገባችሁ በዚህ አዳራሽ አላችሁ። ያን ያህል መንገድ ሳይጠፋ አብሯችሁ የመጣው ሙያችሁ ነው፤ ዛሬም የምንነጋገረው ስለ ሙያው ነው።

ከካርቱም ከመጡ ሾፌሮች አፍ የማይጠፋ አንድ ቅሬታ አለ። «እዚያ ስነዳው የነበረው መኪና ነዳጅ ስትሰጠው ይወረወር ነበር፤ እዚህ ያው ዓይነት መኪና፣ ያው ሞተር፣ ዳገት ሲያይ ይደክማል» ይላሉ። መኪናው ጋራዥ ይገባል። ካንዴላ ይቀየራል፣ ፊልትሮ ይቀየራል፣ የነዳጅ ፓምፕ ይጠረጠራል፣ ኢንጀክተር ይታጠባል። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ «አሁንስ?» ሲባል መልሱ «ትንሽ የተሻለው ይመስለኛል» የሚል ነው። ከፍሎ የወጣ ሰው የተሻለው ቢመስለው አይፈረድበትም፤ ሥራው ግን በመምሰል ሊዳኝ አይገባም። በእጃችን ያለው ስልክ የመኪናን ጉልበትና የፍሬንን ብርታት በቁጥር ሊነግረን ይችላል፤ ቁጥሩን በትክክል ማንበብ ከቻልን ከብዙ ከንቱ ወጪ፣ ከዚያም አልፎ ከሞት ያድነናል። ዛሬ ላሳምናችሁ የመጣሁት በዚህ ነው።

በመጀመሪያ መሣሪያውን እንተዋወቀው። በስልኩ ውስጥ አክሴለሮሜትር የሚባል ዳሳሽ አለ። ከሲሊከን የተቀረጸ እጅግ ትንሽ ክብደት፣ ከዚያው ከሲሊከን በተሠሩ ስስ ስፕሪንጎች ተይዞ ተንጠልጥሏል። አንበሳ አውቶቡስ ላይ ቆሞ የሚሄድ ሰው ሾፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ ወደ ኋላ፣ ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት እንደሚንገዳገድ ሁሉ ይህም ክብደት መኪናው ሲመነጨቅ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ሲቆም ወደ ፊት ይገፋል። ክብደቱ ሲነቃነቅ ከአጠገቡ ካሉት ቋሚ ሰሌዳዎች ያለው ርቀት ይቀየራል፤ ርቀቱ ሲቀየር የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን ይለዋወጣል። ስልኩ ይህን ለውጥ በሴኮንድ 100 ጊዜና ከዚያም በላይ ወደ ቁጥር ይመነዝረዋል።

ይህ ዳሳሽ መጀመሪያ የተፈለገው ለስልክ ሳይሆን ለመኪና መሆኑ ደስ ይለኛል። አናሎግ ዲቫይስስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ኤዲኤክስኤል 50 የሚባለውን ቺፕ የሠራው ኤርባግ መቼ መፈንዳት እንዳለበት እንዲወስን ነበር። ከዚያ ዋጋው እየረከሰ፣ መጠኑ እያነሰ መጣና በ2007 አይፎን ውስጥ ገባ፤ ሥራውም ስልኩን ስናጋድም ስክሪኑን ማዞር ሆነ። በዓመቱ፣ በ2008፣ ዳይኖሊሸስ የሚባል መተግበሪያ ስልኩን መልሶ መኪና ላይ አወጣው፤ መኪናው ስንት ሴኮንድ ውስጥ ስንት ፍጥነት እንደደረሰና የፈረስ ጉልበቱን ይናገር ጀመር። በ2010 መዞርን የሚለካው ጋይሮስኮፕ ታከለ። ዛሬ ደግሞ የጀርመኑ የአኸን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አስተማሪዎች በ2016 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ፊፎክስ የተባለ መተግበሪያ በነፃ ይገኛል፤ የስልኩን ዳሳሾች ንባብ ሳያሽሞነሙን እንዳለ ያሳያል። እኔ ለጋራዥ ሥራ የምመርጠው እንዲህ ያለውን ነው። መኪናው ስንት ፈረስ እንዳለው በትልልቅ ፊደል ጽፎ ስሌቱን ከሚደብቅ መተግበሪያ ይልቅ ጥሬውን ቁጥር የሚያሳይ ይታመናል።

አሁን ወደ ወጥመዱ እንምጣ። ስልካችሁን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ንባቡን እዩ፤ ዜሮ አይደለም፣ 9.8 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው የስልኩ ንባቦች ሁሉ በዚሁ መለኪያ ናቸው)። ዳሳሹ የመሬት ስበትንም ይቆጥራል። በመኪና መመንጨቅና በመሬት ስበት መካከል ያለውን ልዩነት ብቻውን ሊለይ አይችልም፤ አይንስታይን በ1907 ያስተዋለውና አጠቃላይ የአንጻራዊነት ትምህርቱን የመሠረተበት ሐሳብ ይኸው ነው። ለእኛ ያለው ትርጉም ተግባራዊ ነው። ስልኩ በአንዲት ዲግሪ ቢያዘነብል 0.17 ያህል የሐሰት ንባብ ይጨመራል። ከቆመበት ተነሥቶ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 15 ሴኮንድ የሚፈጅ መኪና በአማካይ የሚመነጨቀው በ1.85 ነው። ስለዚህ የአንድ ዲግሪ ስሕተት ብቻውን መኪናውን በ9 በመቶ ጎበዝ ወይም ሰነፍ ያስመስለዋል። መኪና ነዳጅ ሲሰጠው ደግሞ የፊቱ ከፍ፣ የኋላው ዝቅ ይላል፤ ሾክ አብዞርበሩ የደከመ መኪና ደግሞ ይብስበታል። መንገዱ ራሱ 1 በመቶ ቢያዘቀዝቅ 0.1 ያህል ያበላሻል።

ዐማራት ለዚህ ሥራ የተመቸ ቦታ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ካርቱም ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙበት ሜዳ ናት፤ ጎዳናዎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ዓርብ ማለዳ ደግሞ ጭር ይላሉ። አስፋልቱ ላይ አሸዋ ካልተከመረ በቀር ለመለኪያ የሚሆን ቦታ ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም ነበር። አዲስ አበባ ግን ሜዳ የሚመስለው መንገድ ሁሉ ያዘነብላል። መፍትሔው አንድ ነው፦ በአንዱ አቅጣጫ ለኩ፣ ዙሩና በዚያው መንገድ በተቃራኒው ለኩ፣ ሁለቱን ደምራችሁ ለሁለት ክፈሉ። አንዱን አቅጣጫ ብቻ ለክቶ የሚፎክር ሰው ያመጣው የመኪናውን ሳይሆን የመንገዱን ቁጥር ነው። ከዚህ በተጨማሪ የስልኩን ጂፒኤስ አብራችሁ ክፈቱ። ጂፒኤስ ዝግ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በሴኮንድ አንድ ንባብ ብቻ ይሰጣል፤ ነገር ግን ሰማይ ክፍት ከሆነ የፍጥነት ንባቡ እየተጠራቀመ አይሳሳትም። አክሴለሮሜትሩ ደግሞ ፈጣን ነው፤ ስሕተቱ ግን ይጠራቀማል። አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

ጉልበት እንዴት ይሰላል? ሁለት ሰው የጫነ፣ በጠቅላላው 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና በ2ኛ ማርሽ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ተረግጦ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ሲደርስ ስልኩ 2.0 ቢያሳይ፣ ክብደቱን በ2 ስናባዛ 2,400 ኒውተን የመግፋት ኃይል እናገኛለን። 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት 11.1 ሜትር በሴኮንድ ነው። ሁለቱ ሲባዙ 26,600 ዋት ገደማ፣ በፈረስ ጉልበት 36 ይሆናል። ለጎማ መንከባለልና ለነፋስ የሚሄደውን 3 ያህል ስንጨምርበት ጎማው ላይ 39 የፈረስ ጉልበት ደርሷል ማለት ነው። ይህ የሞተሩ የመጨረሻ አቅም አይደለም፤ በዚያች ቅጽበት፣ በዚያ ማርሽ ያለው ነው። ለእኛ የሚጠቅመውም ይኸው ነው። መኪናን ከፋብሪካው መጽሔት ጋር ለማወዳደር አትልፉ፤ ከራሱ ጋር አወዳድሩት። ጋራዥ ከመግባቱ በፊት 2.0 ከነበረና ከወጣ በኋላም 2.0 ከሆነ፣ የተከፈለው ገንዘብ ጉልበት አልገዛም። ፍሪሲዮን ያለቀበት መኪናም እዚሁ ይጋለጣል፦ ሞተሩ ይጮኻል፣ ቁጥሩ ግን አያድግም።

እንግዲህ የካርቱሞቹን ቅሬታ እንመልከት፤ ይህን ጉዳይ በስፋት ልናየው ይገባል። ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። በርካታ ስልኮች የአየር ግፊት መለኪያም አላቸው፤ ፊፎክስ ላይ ክፈቱት። ካርቱም ላይ 965 ሄክቶፓስካል አካባቢ የሚያሳየው ስልክ አዲስ አበባ ላይ 770 አካባቢ ያሳያል። አንድ አምስተኛው አየር የለም ማለት ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ የሚመጣው ስቦ ከሚያስገባው አየር ነው፤ አየሩ ሲጎድል ነዳጁም አብሮ ይቀነሳል፣ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይወርዳል። በባሕር ወለል 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ ከ75 እስከ 80 ቢሰጥ ጤነኛ ነው። እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ካንዴላ ቢቀየር፣ ፊልትሮ ቢቀየር፣ ያን የጎደለ አየር ማንም መካኒክ ሊመልሰው አይችልም።

ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። ግንቦት ላይ ካርቱም ከ40 ዲግሪ በላይ ስትግል ያለው አየር ከጥር ማለዳ አየር ከ8 በመቶ በላይ የሳሳ ነው፤ ጉልበቱ በዚያው ልክ ባይወርድም መቀነሱ አይቀርም። ስለዚህ ዐማራት ላይ በሙቀት የተለካ መኪናና ዐማራት ላይ በማለዳ የተለካ መኪና አይወዳደሩም። በቁጥሩ አጠገብ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሙቀቱንና የአየር ግፊቱን ጻፉ። ከመተማ ተነሥታችሁ ጎንደር ስትወጡ፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፣ መኪናው እየደከመ የሚሄደው ከዳገቱ ብቻ አይደለም፤ ደጋው ላይ ደርሳችሁ ሜዳ ላይ ብትለኩትም ከመተማው ያንሳል። ይህን ያወቀ ሾፌር ጎንደር ላይ ጋራዥ ፍለጋ አይዞርም።

በቱርቦ የሚሠራ የናፍታ መኪና ከዚህ በብዙ ይድናል፤ ቱርቦው የሳሳውን አየር አጭቆ ያስገባለታልና። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ጨርሶ አየር አይፈልግም። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረ ወዲህ ስለ ነዳጅ ወጪና ስለ ውጭ ምንዛሬ ብዙ ተብሏል። ስለ ከፍታው ግን ሲነገር አልሰማሁም። ከዓለም ከፍ ብለው ከተቀመጡ ዋና ከተሞች አንዷ ለሆነችው አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ሞተር ከሌላው ሁሉ ይልቅ ተስማሚ ነው፤ ካርቱም ላይ ያለው ጉልበት አዲስ አበባም ላይ ያው ነው። ከነዳጅ መኪና ወደ ኤሌክትሪክ የተዛወረ ሾፌር «እንደ ጥይት ነው» ቢል አይገርመኝም። ሳያስበው ያገኘው ፍጥነት ግን አደጋም ስለሆነ ስልኩን አውጥቶ ልዩነቱን በቁጥር ቢያየው ይጠቅመዋል።

ጎማና ንዝረትን በአጭሩ ላንሣ። በአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትነዱ የቤት መኪና ጎማ በሴኮንድ 13 ጊዜ ያህል ይዞራል። መሪው ከተንቀጠቀጠና የስልኩ የንዝረት ሥዕል 13 አካባቢ ከፍ ካለ፣ ፍጥነት ስትጨምሩም አብሮ ከጨመረ፣ ጎሚስታ ጋ ሂዱና ባላንስ አስደርጉ። በዚያው ፍጥነት ማርሽ ስትቀይሩ ንዝረቱ ከተቀየረ ግን ነገሩ ከሞተር በኩል ነው። ይህ ልኬት ጤነኛ ጎማ ፈትቶ ከመጣል ያድናል።

የፍሬን መጎተትንም በዚሁ ስልክ ታገኙታላችሁ። ሜዳ መንገድ ላይ 50 ሲደርስ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጋችሁ መኪናውን በራሱ ልቀቁት። ጤነኛ የቤት መኪና ከ50 ወደ 30 ለመውረድ 35 ሴኮንድ ያህል ይወስድበታል። በግማሹ ጊዜ ከወረደ አንድ ነገር ይዞታል፦ ጎማው አየር የለውም፣ ወይም እግር ከፍሬን ከተነሣ በኋላም የፍሬኑ ሸራ አልለቀቀም። ቤንዚን የሚበላው ያ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ኢንጀክተሩ ይከሰሳል።

ከሁሉ በላይ ልቤ ያለው ማቆም ላይ ነው። ስለ ጉልበት ሁሉም ያወራል፤ መኪና ሲሸጥም ደላላው የሚያሞግሰው ሞተሩን ነው። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄዱ ሁለት መኪኖች አስቡ። ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬኑም ጎማውም ጥሩ የሆነው መኪና ስልኩ ላይ 8 ያሳያል፤ ሸራው ያለቀ፣ ጎማው የተላጨው 5 ያሳያል። ሁለቱም ሾፌሮች እኩል፣ በአንድ ቅጽበት ረገጡ እንበል። የመጀመሪያው በ12 ሜትር ላይ ቆመ። ሁለተኛው ለመቆም ከ19 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ሰባት ሜትር ትንሽ ነው የምትሉ ካላችሁ ይህን ስሙ፦ የመጀመሪያው መኪና ፈጽሞ በቆመበት ቦታ ላይ፣ ሁለተኛው መኪና ገና 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየበረረ ነው። ዜብራ ላይ ያለች እናት አንዱ አጠገቧ ይቆማል፤ ሌላው ይመታታል። ከዚያች ቅጽበት በፊት የሁለቱም መኪኖች ሾፌሮች «ፍሬኑ ይይዛል» ይሉ ነበር፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ሁለቱም ይይዛሉ። ምን ያህል እንደሚይዙ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ለቦሎ ስትሄዱ ፍሬናችሁ በማሽን ይፈተሻል፤ መልካም ነው። ቦሎ ግን በዓመት አንዴ ነው። ቀን ከሌት የሚሠራ ታክሲ በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ሸራ ይጨርሳል? ካርቱም ውስጥ ትርሃል በተባለው የታክሲ መተግበሪያ ስትሠሩ እንደነበረው ሁሉ፣ አዲስ አበባ ውስጥም ሳምራዊት ፍቅሩ በመሠረተችው ራይድ ወይም ፈረስ በተባለው መተግበሪያ ስትሠሩ ስልኩ ቀኑን ሙሉ መስተዋቱ ሥር ተሰክቶ ርቀትና ሰዓት ይቆጥራል፣ ሒሳብ ያወጣል። ለሒሳብ የታመነ ስልክ ለፍሬንም ይታመን።

አለካኩ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ስልኩ በእጅ አይያዝም። በእጅ ይዞ መንዳት በሕግ የተከለከለ ነው፤ በዚያ ላይ የእጅ መንቀጥቀጥ ንባቡን ያበላሻል። የሚወዛወዝ ማንጠልጠያ ላይም አይሰካ፤ ወለሉ ላይ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ ፈጽሞ እንዳይንቀሳቀስ አጥብቃችሁ እሰሩት። መኪናው ቆሞ ሳለ ንባቡን ዜሮ አድርጉ። መተግበሪያውን የሚያስጀምረውና የሚያቆመው ከጎን የተቀመጠው ሰው ነው፤ ሾፌሩ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። የፍሬን ፈተና ሰው በሌለበት፣ ከኋላ መኪና በማይከተልበት ግቢ ውስጥ ይደረግ፤ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት በቂ ነው። ከ0 እስከ 100 የሚባለውን ውድድር በከተማ መንገድ ላይ የሚሞክር ሰው ከዚህ ስብሰባ ተምሬ ነው እንዳይል፤ ከ20 እስከ 60 ያለው ልኬት ስለ ሞተሩ በቂውን ይናገራል።

አንዳንድ ጋራዦች ከመኪናው ኮምፒዩተር ጋር የሚገናኝ ማንበቢያ አላቸው፤ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ የተበላሸ ዳሳሽ ካለ ኮዱን ይናገራል። ነገር ግን እሱ የሚነግራችሁ ኮምፒዩተሩ የሚያስበውን ነው። መኪናው በእርግጥ ምን ያህል እንደተወረወረና በስንት ሜትር እንደቆመ የሚያውቀው ወለሉ ላይ የታሰረው ስልክ ነው። ማንበቢያው ጨርሶ የማይሰካባቸው ዲኤክስ ኮሮላዎች ዛሬም ከተማችንን ሞልተዋት ሳለ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ልመና አለኝ። ሾፌሮች፣ በዚህ ሳምንት ጉልበቱን ተዉትና ፍሬናችሁን ለኩ፤ በሁለቱም አቅጣጫ ለክታችሁ አማካዩን ከነቀኑ ጻፉት፤ ከ6 በታች ካገኛችሁ ጋራዥ ሳትደርሱ ሰው አትጫኑ። የጋራዥ ባለቤቶች፣ ፍሬን ሠርታችሁ መኪና ስታስረክቡ ከደንበኛው ጋር አብራችሁ ለኩትና ቁጥሩን ደረሰኙ ላይ ጻፉለት። መጀመሪያ የሚጽፈው ጋራዥ የትኛው እንደሚሆን በሚቀጥለው ስብሰባችን ንገሩኝ።